ሥራሽ በደህና ተቀምጧል

ጠጋኙ የአሮጌውን ኮምፒውተር ቁልፎች አንድ በአንድ እየነቀለ ሳሙና የተበጠበጠበት ሳህን ውስጥ ይጥላቸዋል። ፊደል የተጻፈባቸው ትናንሽ ፕላስቲኮች አረፋው ላይ ጥቂት ይንሳፈፉና እያመነቱ ወደ ታች ይሰምጣሉ። ከሥራቸው የወጣው የዓመታት ቆሻሻ ጉድ ነው፤ የዳቦ ፍርፋሪ፣ የጥፍር ቁራጭ፣ የእርሳስ ብናኝ፣ አንዲት የደረቀች ጉንዳን ሳትቀር። ጉንዳኗን በሚያጸዳበት የጥርስ ብሩሽ ጫፍ አንስቶ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖራት። በዚያ ሰሞን ምንም ነገር ለመጣል እጁ ይዘገይ ነበር። ታላቅ እህቱ ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም።

የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቁ ባለ ሁለት ክፍል ናት። የፊተኛዋ መተዳደሪያው ስትሆን የኋለኛዋ የልቡ ናት። በዚችኛዋ ግድግዳ ዙሪያ፣ ዱሮ ሰው ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ እየሰካ የሚጫወትባቸው ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። የሠሩትን የሚያስቀምጡት ካሴት ላይ ነው፤ ሜሞሪያቸው ከዛሬ ስልክ ጋር ሲነጻጸር ከባሕር የተጨለፈ ማንኪያ አይሞላም። ሰፈሩ «የጠጋኙ እብዶች» የሚላቸው ትልልቅ ሰዎችና ልጆች በሳምንት አንድ ቀን እዚህ እየመጡ በነዚሁ ማሽኖች ጌም ይሠራሉ፤ አንዳንዱም አንዷን ማሽን ተውሶ ቤቱ ወይም ሱቁ ይወስዳል። የሚሠሩትም ፌንጣ በምትባል ቋንቋ ነው።

ፌንጣ ለጀማሪ የተበጀች የፕሮግራም ቋንቋ ናት። ሳል፣ ዝለል፣ ከነካ፣ ድገም፤ እንዲህ ያሉ ጥቂት ቃላት ይበቋታል። ምንም የማያውቅ ሰው ከምሳ በኋላ ቢጀምራት፣ ሳይመሽ ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጥብ ከአጥር በላይ ያዘልላል። ሆድ ዕቃዋን የሠሩት ጠጋኙና አንድ ጓደኛው ናቸው። አንደበቷን የሠራችው ግን እህቱ ነበረች።

እህቱ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። የመጀመሪያዋን ፌንጣ ሲያሳዩአት፣ አንድ ቃል አሳስታ ጻፈችና ማሽኑ «ስህተት 4» ብሎ መለሰላት። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ከፍ አደረገች።

«አራት ምን?» አለች።

«አራት ማለት እትዬ፣ የማላውቀው ቃል ነው ማለቱ ነው» አላት።

«እኔ እኮ ስድሳ ሕፃን ነው የማስተምረው። አንዱን ‹ስህተት አራት› ብዬ ባስቀምጠው፣ ነገ ትምህርት ቤት አይመጣም። ማሽንህን አፍ አስፈታው እንጂ።»

ከዚያ ቁጭ ብላ ለእያንዳንዱ ስህተት አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈችለት። «ይቺ ቃል አልገባችኝም ልጄ፤ እስቲ ቀስ ብለሽ አንብቢያት።» «ድገም ብለሽኝ የት እንደማቆም አልነገርሽኝም፤ አይዞሽ፣ ሁላችንም እንረሳለን።» «ይሄን የሚያህል ቁጥር መሸከም አልችልም፤ ትንሽ ቀንሺልኝ።» ፕሮግራሙ ካሴት ላይ ተቀድቶ ሲያበቃ ደግሞ «ሥራሽ በደህና ተቀምጧል፤ አሁን ተነሺና እጅሽን አፍታቺ።»

ስትጽፍ ትንሿ ልጇ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ስለነበር ሁሉንም በአንቺ ጻፈችው። በኋላ ፂማም የከባድ መኪና ሹፌር ሳይቀር «ልጄ» እና «አይዞሽ» እየተባለ መማር ግድ ሆነበት። «ፂሜን አላየችውም እንዴ ሴትዮዋ?» ይል ነበር መጀመሪያ። ሰንበትበት ብሎ ለወንድ የሚሆነውን እንጻፍልህ ቢሉት፣ «ተዉት» አለ፤ «እናቴ ከሞተች ወዲህ ልጄ የሚለኝ ይሄ ማሽን ብቻ ነው።»

ጠጋኙ የመጨረሻውን ቁልፍ ሳህኑ ውስጥ ሲጥል ጓደኛው ገባ። ይህ ሰው በመደበኛ ሥራው የሒሳብ አስተማሪ ሲሆን፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ግን ስሙ ቆንቋናው ነው። ፌንጣ የምትኖርበት ቺፕ በጣም ጠባብ ነው፤ አንዲት ፊደል አንድ ቦታ ትወስዳለች፤ ማሽኑ ደግሞ ከዚያ የሚሰፋ ቺፕ ቢሰጡት አያየውም። ያንን ቦታ የሚያብቃቃው ቆንቋናው ነው። ከጠጋኙ እህት ጋር በፊደል ሲከራከሩ እንደ ገበያ ሰው ነበሩ።

«ከዚህ ላይ አምስት ፊደል ቀንሺልኝ» ይላታል።

«አምስት? ዓይኔን ብታወጣው አይቀልህም? ሁለት።»

«አራት፤ እሱም ስለማከብርሽ።»

«‹አይዞሽ›ን የነካህ እንደሆን ግን እጅህን አልተውልህም» ትለዋለች። እሱም አይነካትም።

አሁን ቆንቋናው ካፖርቱን ሳያወልቅ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«እጅህን አድርቅና ና እስቲ።»

«ምነው፣ ሰው ሞተ?» አለ ጠጋኙ፤ ከአፉ እንደወጣም ቃሉን ጠላው።

«ጭራው መቆረጡን አልተወም። አሁን ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ ላይ ደረሰ።»

ጭራ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ረዘም ያለ እንደሆነ፣ ካሴት ላይ ሲቀዳ የመጨረሻው ክፍል አንዳንዴ ሳይገባ ይቀራል። ሰውየው ማሽኑን አጥፍቶ በነጋታው ካሴቱን ሲያስነብብ ጌሙ አይነሳም፤ እንደገና መጻፍ ነው። መጀመሪያ የደረሰበት ሹፌሩ ነበር፤ ያኔ ካሴቱ ስላረጀ ነው ብለው አለፉት። የፀጉር አስተካካዩ ካሴት ግን አዲስ ነው። ደንበኛ ባጣ ቁጥር ወንበሩ ላይ ቁጭ እያለ ክረምቱን ሙሉ የሠራው ጌም ነበር፤ አንድ መቀስ ከላይ የሚወርድ ጢም እያሳደደ የሚቆርጥበት።

«ተናደደ?»

«ቢናደድ ደግ ነበር። ‹ይሁን፣ የኔ እጅ ይሆናል የሳተው› ብሎኝ የሰው አንገት መላጨቱን ቀጠለ።» ቆንቋናው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። «መድኃኒቱን አግኝቼዋለሁ። ማሽኑ ከቀዳ በኋላ ካሴቱን መልሶ አንብቦ ከያዘው ጋር ማመሳከር አለበት። ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ይሠራል። ግን ቦታ ይፈልጋል።»

«ቦታ ከየት ይመጣል?»

ቆንቋናው መነጽሩን መጥረግ አላቆመም።

«የት እንዳለ አንተም ታውቃለህ» አለ።

ጠጋኙ ፎጣውን ወስዶ፣ የደረቀውን እጁን እንደገና ማድረቅ ያዘ።

«ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ» አለ በመጨረሻ።

ፈለገም። ለብዙ ቀን የሰው ቴሌቪዥን ሆዱ ተከፍቶ ተሰለፈበት፤ ደንበኛ ሲመጣ «ነገ» ይላል፤ ነገም ሲመጡ «ነገ» ይላል። እሱ የኋላው ክፍል ተቀምጦ የፌንጣን ሆድ መስመር በመስመር ይዳብሳል። እዚህ ሁለት ቦታ፣ እዚያ አንድ፤ ከድንጋይ ላይ ውሃ እንደሚጨምቅ ሰው ሆነ። ድሮውንስ ቆንቋና ያለፈበት ቤት ምን ይተርፋል? ያገኘው ተደማምሮ የሚፈለገውን ሩብ እንኳ አልሞላም።

«ካርድ እናሳትም» አለው ቆንቋናው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሲያየው ቆይቶ። «ማሽኑ ‹ስህተት ሰባት› ይላል። ሰውየው ካርዱ ላይ ሰባትን ፈልጎ የሷን ቃል ያነባል። ቃሏ አይጠፋም።»

«ወረቀት እኮ ፈልገኸው ነው የምታገኘው። እሷ ሳትጠራ ነበር የምትመጣው።»

«አውቃለሁ።»

«ልጁ ተሳስቶ ሲደነግጥ ነው የምትደርስለት። ከደነገጠ በኋላ ተነስቶ ካርድ ይፈልጋል? ማሽኑን አጥፍቶ ይወጣል እንጂ።»

«አውቃለሁ አልኩህ።» የቆንቋናው ድምፅ ቀጠነ። «እኔ አልወዳትም ነበር? ወይስ ሐዘኑን ላንተ ብቻ ነው የሰጡህ?»

ጠጋኙ ቀና ብሎ አየው። ይህ ሰው በቀብሩ ቀን አንዲት እንባ አልወጣውም ነበር፤ ወንበር ሲያመላልስ፣ መኪና ሲያስተናግድ ነው የዋለው።

«ቃሉ የእናቷ ነው» አለ ጠጋኙ። «ልጅቷን ልጠይቃት።»

እውነቱን ለመናገር፣ የእህቱ ልጅ እንቢ እንድትለው ነበር የሚሄደው።

የእህቱ ልጅ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ሲደርስ የምሳ ሰዓት ስለነበር ደንበኛ የለም፤ እሷ ከኋላ፣ መደርደሪያ ላይ ያሉትን መድኃኒቶች ጊዜያቸው ያለፈውን ካላለፈው ትለያለች። በካርቶኖቹ መሐል መተላለፊያ እንኳ አልነበረም።

«ጋሼ፣ መድኃኒት ነው ምሳ ነው የፈለግከው?»

«በሁለቱም አላምንሽም።»

«እንግዲያው ያቺን ካርቶን ገልብጠህ ተቀመጥባት። ጓንት የያዘች ናት፣ ብትጨፈለቅ አትሰበርም።»

ተቀመጠ። ጉልበቱን እያሻሸ ነገሩን ከሥሩ ነገራት፤ ስለ ጭራው፣ ስለ ቦታው፣ ስለ ካርዱ። እሷ እየሰማች ካርቶኖቹን ትለያለች፤ ይሄ ወዲህ፣ ያ ወዲያ። ሲጨርስም እጇ አላቆመም።

«እማ ቤት ውስጥ እንደዚያ አትናገርም ነበር፤ ታውቃለህ አይደል?» አለች።

«እንዴት እንደዚያ?»

«እንደ ማሽኑ።» አንድ ጠርሙስ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችና መለሰችው። «ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ስታባብል ትውልና ቤት ስትገባ አንደበቷ ያልቃል። ደብተርሽን አምጪ። እጅሽን ታጠቢ። መብራቱን አጥፊ። አልቀየማትም፤ ይደክማት ነበር። ግን አይዞሽ የተባልኩት በማሽኑ ነው።»

ጠጋኙ ጉልበቱን ማሻሸቱን አቆመ።

«እያወቅኩ እሳሳት ነበር እኮ። ድገም እለውና መጨረሻውን ሆን ብዬ እተወዋለሁ። ከዚያ ‹አይዞሽ፣ ሁላችንም እንረሳለን› ይለኛል። አጠፋውና ደግሜ እጽፋለሁ። አንተ ደግሞ ከኋላዬ ሆነህ ‹ይቺ ልጅ ለፌንጣ አልተፈጠረችም› ትላለህ።»

«ብያለሁ።»

«ብለሃል፤ አልረሳሁልህም።» ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ብዙ አልቆየም።

ጠጋኙ ያንን ጊዜ ለማስታወስ በሐሳቡ ወደ ኋላ ሄደ። ሱቁ፣ ትንሿ ልጅ፣ ስክሪኑ፣ በሩ። በሩ ላይ እህቱ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆማለች።

«አንድ ቀን ላርምሽ ስነሳ እናትሽ በሩ ላይ ነበረች» አላት። «‹ተዋት› አለችኝ። ‹ተዋት፣ ትሳሳት።›»

የልጅቷ እጅ ቆመ።

«መቼ?»

«መቼ እንደሆነማ… ትንሽ ነበርሽ። ለረጅም ጊዜ ቆማ ታይሽ ነበር። እኔ እንደ አስተማሪነቷ መስሎኝ ነው።»

ፊቷን ወደ መደርደሪያው መለሰች። የቆሙትን ጠርሙሶች ሁሉ መለያቸው ወደ ፊት እንዲሆን አንድ በአንድ አዞረቻቸው። የዞሩትንም እንደገና አዞረቻቸው። ጠጋኙ ካርቶኑ ላይ እንደተቀመጠ የገዛ ጫማውን ያያል።

«ጭራው ሲቆረጥ ማሽኑ ምን ይላል?» አለች፣ ሳትዞር።

«እንዴት ምን ይላል?»

«ፕሮግራሙ ካሴቱ ላይ ሳይገባ ሲቀር። ስክሪኑ ላይ ምን ይወጣል?»

«መቼ አውቆት። ምንም አይል፣ እንደ ወትሮው…» አለና አፉ ላይ ያለው ነገር ከበደው። ይሄን ሁሉ ቀን የፌንጣን ሆድ ሲያገላብጥ አንድ ጊዜ እንኳ እዚህ ጋ አልደረሰም። «ሥራሽ በደህና ተቀምጧል ነው የሚለው።»

«ፀጉር አስተካካዩ እሱን አንብቦ ነው ማሽኑን ያጠፋው።»

«አዎ።»

«በእማ ቃል አምኖ።»

«አዎ።»

አሁን ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን እንዳለ ነው።

«እማ ብዙ ነገሯ ይከብድ ነበር ጋሼ። ዋሽታኝ ግን አታውቅም።»

«እሷ ምን አጠፋች፤ የዋሸው ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑ የራሱ አፍ የለውማ። አፉ እሷ ናት።» የመጨረሻዎቹን ካርቶኖች ጊዜው ካለፈበት ክምር ላይ ጨመረቻቸው። «አውጡት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉም ካልወጣ ቦታው አይበቃም አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?»

አነጋገሯ ቁርጥ የእናቷ ነበር። ጠጋኙ ከካርቶኑ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። የመጣበትን እንቢታ ሳያገኝ ሊሄድ ነው።

«አንዱን አሮጌ ቺፕ ሳልነካ ላስቀምጥልሽ? ላንቺ ብቻ።»

«ምን ላደርገው? ቁጭ ብዬ ልሳሳት?»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እሷ ሳቋን መጨረስ አቃታትና በነጭ ጋውኗ እጅጌ አፏን ያዘች። ጠጋኙ ሊይዛት ሲራመድ መተላለፊያው ላይ ያለ ካርቶን እግሩን ያዘው፤ ከፊት በኩል ደግሞ አንድ ሰው ባንኮኒውን በቁልፉ ኳ ኳ አደረገ።

«በል ሂድ ጋሼ፣ ደንበኛ መጥቷል» አለችው፣ ፊቷን እየጠረገች።

ቺፖቹ ከያሉበት ተሰበሰቡ። ሹፌሩ የራሱን በመሀረብ ጠቅልሎ አመጣ፤ ምን እንደሚጠፋ ሲነግሩት «ካርዱን ለኔ በትልልቅ ፊደል አድርጉልኝ» ብሎ ወጣ።

የሷን ቃላት ከፌንጣ ውስጥ የማውጣቱን ሥራ ጠጋኙ ሊሠራ ተቀምጦ አልቻለም። ቆንቋናው ትከሻውን ነካ አድርጎ አስነሳውና ራሱ ተቀመጠ። አንዱን ዓረፍተ ነገር ስክሪኑ ላይ ያወጣል፤ ሁለቱም በዓይናቸው ያነቡታል፤ ከዚያ ያጠፋዋል፤ በቦታው ቁጥር ይገባል። ድገም የሚለው ጋ ሲደርስ ቆንቋናው ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ትንሽ ዘገየ፤ «አይዞሽ» እዚያ ውስጥ ነበረች። ተጫናት።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር፣ ማሽኑ ምን እንደነካው ጨርሶ ሳያውቅ ሲቀር የሚለው ነው። «ይሄስ ከኔም በላይ ሆነ፤ ሂጂና አጎትሽን ጠይቂው።» በዚህች ቃል የተነሳ የሱቁ እብዶች ሁሉ፣ በዕድሜ የሚበልጡት ሳይቀሩ፣ ጠጋኙን «አጎቴ» ነው የሚሉት። እህቱ ይህችን ስትጽፍ እየሳቀች ወንበር ላይ ወደ ኋላ ስትለጠጥ ታየችው።

«እሱን ስጠኝ» አለ።

ቆንቋናው ተነሳለት። ጠጋኙ ቃሏን ራሱ አጠፋና ቁጥሩን ጻፈ።

ሲጨርሱ ቆንቋናው ሒሳቡን ሠራ። የማመሳከሪያው ሥራ በቦታው ገብቷል፣ ካሴት ላይ የሚቀዳውም ተስተካክሏል። ወረቀቱን ሳይሆን ግድግዳውን እያየ፣

«ትንሽ ተርፏል» አለ። «ለአንድ ቃል የሚሆን።»

ጠጋኙ አሰበ። ብዙ ቃል መጣለት። አንዱን ሲያነሳ ሌላው ይቀየመዋል፤ ከስህተቶቹ ሁሉ ለአንዱ ብቻ ተናግራ ለሌላው ዝም የምትል እህት አልነበረችውም።

«ባዶውን ይቆይ» አለ።

ቆንቋናው በዕድሜው ሙሉ ባዶ ቦታ ትቶ አያውቅም። ካፖርቱን ለብሶ ወጣ።

ጠጋኙ ቺፖቹን ሐምራዊ መብራት ያለባት መሳቢያ ውስጥ ደረደራቸው። በእያንዳንዱ ቺፕ ጀርባ ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት አለች፤ መብራቱ በሷ ገብቶ ውስጡ የተጻፈውን ሁሉ ያጠፋል። መሳቢያውን ዘግቶ፣ በስንጥቁ የሚወጣውን ቀጭን ብርሃን እያየ ጠበቀ። ከዚያ አንድ በአንድ እያወጣ አዲሱን ፌንጣ ጻፈባቸው።

የፀጉር አስተካካዩን ቺፕ መጨረሻ አደረገው። ማሽኑ ላይ ሰክቶ አንድ ረጅም ፕሮግራም አስገባና ካሴት ላይ እንዲቀዳ አዘዘ። መሐል ላይ የካሴቱን ገመድ ነቀለው። ቀድቶ ሲያበቃ ካሴቱን አጠንጥኖ መልሶ አስነበበው፤ ማሽኑ ጥቂት ቆየና «ስህተት 20» አለ። ገመዱን መልሶ ሰካና እንደገና አስቀዳ። ካሴቱ እየዞረ የታወቀውን ጩኸቱን ጮኸ፤ አጠነጠነ፤ ሲነበብም ያንኑ ጩኸት ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመው። ጠጋኙ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ ጭራው ድረስ አዳመጠው። ጸጥ ሲል ስክሪኑ ላይ ከእህቱ ረጅም ዓረፍተ ነገር የቀረች አንዲት ቃል ብቻ ወጣች። «ተቀምጧል።»

ማሽኑን አጠፋ። ቺፑን በጥንቃቄ ነቅሎ፣ የቀን ብርሃን እንዳይገባባት በመስታወቷ ላይ ጥቁር ወረቀት ለጠፈባት። ወረቀቱን በአውራ ጣቱ ደህና አድርጎ ተጫነና በነጭ ቀለም «ፀጉር አስተካካዩ» ብሎ ጻፈበት። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለበት። ከዚያ የሽቦ እግሮቿ እንዳይጎብጡ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ባለ ስፖንጅ ላይ ሰክቶ፣ ሳጥኑን ከድኖ፣ ነገ በጠዋት የሚወሰዱት ዕቃዎች ጋ አስቀመጠው።